ከጠመንጃው የሚወደድ መነጽር

የሩቅ ዒላማ ተኳሽ ለጠመንጃው መነጽር ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው ቱቦው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ነው። መጨረሻ ላይ መታየት የነበረበትም ይኸው ቁጥር ነው። «ከ5 እስከ 25 በ56» የሚባለው መነጽር ዒላማውን ከአምስት እስከ ሃያ አምስት እጥፍ ያቀርባል፤ 56 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። «ከ10 እስከ 60 በ52» የሚባለው ደግሞ እስከ ስልሳ እጥፍ ይደርሳል። የትኛው ይሻላል ተብሎ በፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል ምሳ ክፍል ያለ ሰው ቢጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ ስልሳ ከሃያ አምስት ይበልጣል፣ ሒሳብ አይዋሽም።

ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በካልጋሪ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኝ የመጋዘን፣ የትራክ ጋራዥና የዕቃ ማራገፊያ ሰፈር ነው። በቀንና በሌሊት ሺፍት የሚገናኙት ሐበሾች፣ ፎርክሊፍት ነጂው፣ መካኒኩ፣ ሾፌሩ፣ በምሳ ክፍሉ ማይክሮዌቭ ዙሪያ ቆመው ስለ ቤት ወለድ፣ ስለ መኪና ኢንሹራንስና ስለ ክረምት ጎማ ይመካከራሉ። ከመካከላቸው አንዱ ዒላማ መተኮስ የጀመረ ዕለት አጀንዳው ይለወጣል። የመካሪው ቁጥር ጠመንጃ ካለው ሰው ቁጥር ሁልጊዜ ይበልጣል፤ የአያቱን ምንሽር ያየም፣ የአጎቱን ውጅግራ የወለወለም ባለሙያ ነው። እነዚያ ጠመንጃዎች መነጽር አልነበራቸውም ተብሎ ቢነገረው፣ «ሰዎቹ ዓይን ነበራቸዋ!» ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ «ስንት ያቀርባል?»

በካናዳ ሕግ ጠመንጃ ለመግዛት ፈቃድ ያስፈልጋል። አመልካቹ የደኅንነት ኮርስ ወስዶ ፈተናውን ማለፍ አለበት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት ከሆነም ቢያንስ 28 ቀን ይጠብቃል። በማመልከቻው ላይ የትዳር ጓደኛ የሚፈርምበት ቦታ አለ፤ ፊርማው ከሌለ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ለትዳር ጓደኛው ያሳውቃል። መነጽር ግን ፈቃድም ፊርማም አይጠይቅም። ሕግ አውጪው ጠመንጃ ቤት ውስጥ መግባቱን ባለቤት እንድታውቅ ሲጠነቀቅ፣ የቤቱን ሰላም በይበልጥ የሚያናጋው መነጽሩ መሆኑን አላሰበበትም። ለዒላማ የሚበቃ ጠመንጃ በ2000 ዶላር ሲገኝ፣ ባለሙያዎች የሚያመሰግኑት መነጽር 4000 ሊጠይቅ ይችላል። የእቁብ ዕጣ በዚህ በኩል ይወጣና፣ ዋጋው ቤት ውስጥ ሲነገር አንድ ዜሮ መንገድ ላይ ይወድቃል።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ ቢባል፣ ማጉላት ከልክ ሲያልፍ ዕዳ ነው። ከመነጽሩ ኋላ ወደ ዓይን የምትመጣው የብርሃን ክብ ስፋቷ የፊተኛው መስታወት ስፋት ለአጉሊው ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ነው። 56 ለ25 ሲካፈል 2.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 52 ለ60 ሲካፈል ደግሞ 0.9 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የዓይን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ትከፈታለች። ስለዚህ ሃያ አምስት ላይ ዓይን የሚበቃውን ብርሃን ያገኛል፤ ስልሳ ላይ ግን ምስሉ ይደበዝዛል፣ ጉንጭ ከሰደፉ ላይ ጥቂት ፈቀቅ ያለ እንደሆነም ጭራሽ ይጠፋል። ለስልሳ እጥፍ የከፈለ ሰው ለጊዜው የሚያየው ጥቁር ክብ ነው።

አጉሊው ዒላማውን ብቻ መርጦ አያጎላም። የልብ ምትንም፣ ትንፋሽንም፣ በረካውን ሳይቀር ጠጥቶ የመጣን ሰው እጅም ያጎላል። በምስሉ ውስጥ የሚታየው ሜዳም እየጠበበ ይሄዳል። በውድድር ሜዳ ዒላማዎች ተደርድረው በየቁጥራቸው ይቆማሉ፤ ተኳሹ ከፍተኛው አጉሊ ላይ ሲሆን የሚያየው አንዱን ክብ እንጂ ከላዩ ወይም ከታቹ ያለውን ቁጥር አይደለም። ተረጋግቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ቃታውን በቀስታ ስቦ መሀሉን ይመታል፤ የመታው ግን የጎረቤቱን ዒላማ ነው። ለእሱ የሚጻፍለት ዜሮ ነው። ጎረቤትን መርዳት መልካም ቢሆንም እንዲህ ያለውን ልግስና ደንቡ አያመሰግንም።

ከሁሉም የከፋው ሚራዥ ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ከሣሩ ላይ የሚነሣው አየር ይንቀጠቀጣል፣ ዒላማውም አብሮ ይዋኛል። መነጽሩ ይህንንም በስልሳ እጥፍ ያቀርባል። ስለዚህ በሐምሌ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በአልበርታ ሜዳ የተኛ ተኳሽ፣ ስልሳም ይግዛ አምሳ፣ አጉሊውን ወደ ሃያ ወይም ሃያ አምስት ይመልሰዋል። የቀረው ሁሉ የተገዛው ለጥቂት ቀዝቃዛ ጠዋቶች ነው ማለት ነው። ልምድ ያላቸው ተኳሾች ሚራዥን ይጠቀሙበታል፤ የሚንቀጠቀጠው አየር ወዴት እንደሚፈስ አይተው የነፋሱን አቅጣጫና ኃይል ይገምታሉ። ነፋሱን መገመት የግድ ነው። በ308 ዊንቸስተር ጥይት 900 ሜትር ላይ ሲተኮስ፣ በሰከንድ 4.5 ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ እርሳሱን ከ2 ሜትር በላይ ይገፋዋል። ካልጋሪ ደግሞ የቺኑክ አገር ናት፤ ከሮኪ ተራሮች ወርዶ በጥር መካከል በረዶውን በአንድ ቀን የሚያቀልጥ ነፋስ ለአንዲት እርሳስ አይራራም። ይህን የሚያስተካክል የአጉሊ ቁጥር እስካሁን ለገበያ አልቀረበም።

በመነጽር መተኮስ የዓይን ማነስ ነው የሚሉ የምሳ ክፍል ሽማግሌዎች አንድ ነገር ላይ ሳያውቁት ልክ ናቸው። በዓለም ዙሪያ ኤፍ ክላስ የሚባለው የሩቅ ዒላማ ውድድር ስሙን ያገኘው ከካናዳዊው ጆርጅ ፋርካርሰን ነው። ሐሳቡም ዓይናቸው የደከመና በማንገቻ ተወጥረው መተኮስ ያቃታቸው አንጋፋዎች በመነጽርና በጠመንጃ ድጋፍ ከሜዳው ሳይርቁ እንዲቆዩ ነበር። ለጡረተኞች የተዘጋጀው ነገር ወጣቶቹን ማረካቸውና በ2017 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮናው ኦታዋ አጠገብ በሚገኘው በኮናት ሜዳ ተካሄደ። የዶሚኒየን ኦፍ ካናዳ ራይፍል አሶሲዬሽን ከ1868 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ማኅበር ሲሆን፣ ብሔራዊ ውድድሩን በዚሁ ሜዳ ያካሂዳል።

ውድድሩ በመነጽር ምርጫ ላይ ቀጥተኛ ተጽዕኖ አለው፤ ምክንያቱም ጠመንጃው ከነመነጽሩ ይመዘናል። ኤፍ ቲ አር በሚባለው ምድብ፣ 308 ዊንቸስተር ወይም 223 ሬሚንግተን ብቻ በሚፈቀድበት፣ ጠመንጃው ከነመነጽሩና ከነእግሩ ከ8.25 ኪሎ ማለፍ የለበትም። በኦፕን ምድብ ጣሪያው 10 ኪሎ ነው። ለምሳሌ ከ15 እስከ 55 በ52 የሆነው የናይትፎርስ የውድድር መነጽር 790 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ4.5 እስከ 27 በ56 የሆነው የቮርቴክስ ሬዘር ሁለተኛ ትውልድ ደግሞ 1.37 ኪሎ ነው። ግማሽ ኪሎ የሚያልፈው ልዩነት ከበርሜሉ ውፍረት ላይ የሚቀነስ ነው። አጉሊ የሚበዛበት ሁልጊዜ ይከብዳል የሚለው የምሳ ክፍል እምነት እዚህ ላይ ይፈርሳል።

መነጽሩን መነጽር የሚያሰኘው ግን አናቱ ላይ ያለው ቁልፍ ነው። እርሳስ ከአፈ ሙዝ ከወጣችበት ጊዜ ጀምሮ ትወድቃለች። በመቶ ሜትር የተስተካከለ 308 ጠመንጃ 900 ሜትር ላይ ሲተኮስ እርሳሷ 9 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ተኳሹ ይህን የሚያካክሰው ቁልፉን ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገ በማዞር ነው። ቀጩ የሚለካው በሁለት ዓይነት ነው። ኤም ኦ ኤ የሚባለው የዲግሪ 60ኛ ክፋይ ሲሆን በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሚል የሚባለው በ100 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር፣ በ1000 ሜትር 1 ሜትር ነው። በሜትር ላደገ ሰው ሚል ይቀላል። ካናዳ በወረቀት ላይ የሜትር አገር ናት፤ ጣውላዋን በጫማ፣ ሥጋዋን በፓውንድ፣ ቁመቷን በኢንች ስለምትናገር ግን የተኳሾቿ ጨዋታ ከኤም ኦ ኤ አይወጣም። አዲስ ገዢ የሜዳ ጓደኞቹ የሚጠቀሙበትን ቢመርጥ ይሻለዋል። ጎረቤቱ «አንድ ወደ ግራ» ሲለው የየትኛውን አንድ እንደሆነ ቆሞ የሚያሰላበት ጊዜ አይኖርም፤ ነፋሱ አይጠብቅም።

ቁልፉ ማለቂያ የሌለው ይመስላል እንጂ ገደብ አለው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 18 ሚል የሚሄድ መነጽር መሀል ላይ ሲስተካከል ወደ ላይ የሚቀረው 9 ሚል ነው፤ 900 ሜትር ደግሞ 10 ገደማ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ባለ 60 እጥፍ መነጽር ዒላማውን እያሳየ ጥይቱን ማድረስ አይችልም። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ 34 ሚሊ ሜትር የሆነ ወፍራም ቱቦና ሰፊ የማስተካከያ ልክ ያለው መነጽር መግዛት፣ ወይ መነጽሩ የሚቀመጥበትን ሐዲድ ወደ ፊት ያዘመመ አድርጎ መግዛት። ባለ 20 ኤም ኦ ኤ ሐዲድ 6 ሚል የሚጠጋ ይጨምራል። ሐዲዱ ከመነጽሩ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው፤ ርካሽ በመሆኑም በምሳ ክፍል አይነሣም።

ቁልፉ የሚናገረውን በእርግጥ ይሠራል ወይ የሚለውን መመርመር ግን ይቻላል። ለዚህም ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያልን የመሰለ ቦታ የለም። ጠመንጃ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ጠመንጃ ይዞ መጋዘን የተገኘ ሠራተኛ የሚያጣው ሥራውን ብቻ አይደለም። የሚፈለገው ከባድ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ ሞርሳ፣ ረጅም መተላለፊያና የአለቃ ፈቃድ ነው። መነጽሩ ብቻውን በሞርሳው ይያዛል፤ ልክ 100 ሜትር ተለክቶ በወዲያኛው ግድግዳ ላይ የብረት ሜትር ቁልቁል ይሰቀላል። መስቀለኛው ክር በሜትሩ ዜሮ ላይ ይቆምና ቁልፉ አሥር ሚል፣ ማለትም መቶ ቀጭ፣ ወደ ላይ ይዞራል። በዚህ ጊዜ ክሩ ሜትሩ ላይ ወደ ታች ሲወርድ ይታያል፤ «ተበላሽቷል፣ መልሰው!» የሚል ሰው ከኋላ አይጠፋም። አልተበላሸም። ቁልፉ እርሳሷን የሚያነሣው ክሩን ዝቅ በማድረግ ነው፤ ተኳሹ ክሩን ወደ ዒላማው መልሶ ለማንሣት አፈ ሙዙን ቀና ያደርጋል።

ክሩ 100 ሳንቲ ሜትር ላይ ካረፈ መነጽሩ ቃሉን ጠብቋል። 98 ላይ ካረፈ ከመቶ ሁለት ይዋሻል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ለአንድ መጋዘን ሠራተኛ ምንም አይደለም፤ 900 ሜትር ላይ ግን ከ9 ሜትሩ 18 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የዒላማው መሀለኛ ክብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሩብ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከማዕከሉ 13 ሳንቲ ሜትር የራቀች እርሳስ ወጥታለች። በውድድር የሙከራ ጥይት ስለሚፈቀድ እንዲህ ያለው ቅጥፈት ይታረማል፤ ችግሩ ተኳሹ ከ300 ወደ 600፣ ከ600 ወደ 900 በተዘዋወረ ቁጥር አዲስ ቅጥፈት መቀበሉ ነው። ከዚህም በላይ ቁልፉ መቶ ቀጭ ሄዶ መቶ ቀጭ ሲመለስ ክሩ እዚያው ዜሮ ላይ መገኘት አለበት። ከመቶ ሁለት አዘውትሮ የሚዋሽ መነጽር በሒሳብ ይያዛል፤ አንድ ቀን የሚዋሽ አንድ ቀን የማይዋሽ ግን እንደ ጸባየኛ አማች ነው፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም።

ክሩ የተቀመጠበት ቦታም ሁለት ዓይነት ነው። ከአጉሊው ፊት የተቀመጠ እንደሆነ አጉሊው ሲጨምር ክሩም አብሮ ይወፍራል፤ በላዩ ያሉት ምልክቶች ግን በማንኛውም አጉሊ ልክ ናቸው። ከአጉሊው ኋላ የተቀመጠ ክር ሁልጊዜ ቀጭን ነው፤ ምልክቶቹ ልክ የሚሆኑት ግን በአንድ የአጉሊ ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ በከፍተኛው፣ ብቻ ነው። በማይንቀሳቀስ ዒላማና በታወቀ ርቀት ለሚተኩስ ሰው ቀጭኑ ይመረጣል፤ መሀለኛዋን ምልክት አይሸፍንበትም።

ከጎን ያለው ሌላ ቁልፍ የፓራላክስ ነው፤ ዓይን ሲነቃነቅ ክሩ ዒላማው ላይ እንዳይንሸራተት ያደርጋል። በላዩ 100፣ 300፣ 600 የሚሉ ቁጥሮች ቢጻፉም ጥቆማ ናቸው እንጂ ትእዛዝ አይደሉም። ትክክለኛው ቦታ የሚገኘው ጠመንጃው ሳይነካ ጭንቅላትን ቀስ አድርጎ በመነቅነቅ ነው፤ ክሩ ዒላማው ላይ ከተንሸራተተ ቁልፉ ገና ነው። ከዓይን በኩል ያለው ቀለበት ደግሞ የባለቤቱ ዓይን ልክ ነው። አንድ ጊዜ ክሩ ጥርት ብሎ እስኪታይ ይስተካከላል፣ ከዚያ አይነካም። በሐበሻ መካከል ግን አይነካም የሚባል ነገር የለም። እንኳን ደስ አለህ ሊል የመጣ እንግዳ ሁሉ «እስቲ ልየው» ይላል፤ ባለ ዓይን መነጽሩ በአንድ አቅጣጫ ያዞረዋል፣ ሩቅ የማያየው በሌላ፣ ልጁም ይደርሰዋል። ቡናው ሲያልቅ መነጽሩ የማንም ዓይን አይደለም። ጠንቃቃ ባለቤት ቀለበቱ ያለበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት ያደርግበታል።

መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር የሚያገናኙት ሁለት የብረት ቀለበቶች ናቸው፤ ጥሩ መነጽር በክፉ ቀለበት ሲታሰር ገንዘቡ ባክኗል። ፉትሂልስ የትራክ መካኒክ ስለማያጣ ማሰሩን የሚወስደው እሱ ነው፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የትራክ ጎማ ብሎን ከ600 ኒውተን ሜትር በላይ ይጠብቃል። የመነጽር ቀለበት ብሎን የሚፈልገው 2 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፣ ሦስት መቶኛው ማለት ነው። «ትንሽ ላጥብቀው» የሚለው የልምድ ክንድ ቱቦውን ሊሰረጉደው፣ የአጉሊውንም መዞሪያ አንቆ ሊይዘው ይችላል። ለዚህ የተሠራች ትንሽ መፍቻ አለች፤ ልኩ ሲደርስ ራሷ ትለቃለች። ከማጥበቁ በፊት ክሩ ከጠመንጃው ጋር ቀጥ ብሎ መቆሙ በውሃ ልክ ይታያል፤ ያዘመመ ክር ቁልፉ በዞረ ቁጥር እርሳሷን ወደ ጎን ያወጣታል። በመነጽሩና በዓይን መካከል 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ መተውም ግድ ነው። ያልተወለት ሰው ቅንድቡ ላይ ግማሽ ክብ ምልክት ይዞ ሰኞ ሥራ ይገባል፤ ምን ሆነህ ብሎ የሚጠይቀውም አያጣም።

ብርድን በተመለከተ፣ የጥሩ መነጽር ውስጡ በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ተሞልቶ ስለሚታሸግ ከውስጥ ጭጋግ አይለብስም። ከውጭ ግን ይለብሳል። ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ መኪና ውስጥ የዋለ ጠመንጃ ሞቃት ቤት ሲገባ መስታወቱ ወዲያው ጤዛ ይለብሳል፤ ከነሳጥኑ ተዘግቶ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ መተው ነው። ርካሽ መነጽሮች በብርድ የሚያሳዩት ሌላ ጸባይም አለ፤ ቅባቱ ይጠነክርና ቁልፉ ቀጭ ማለቱን ይተዋል። በሐምሌ ሱቅ ውስጥ የተሞከረ ቁልፍ ስለ ጥር ምንም አይናገርም።

ከፍታም ይቆጠራል። ካልጋሪ ከባሕር ወለል 1045 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ አየሯ ስስ ስለሆነ እርሳስ ብዙ አትያዝም። ኦታዋ 70 ሜትር ላይ ናት። በአልበርታ ሜዳ ለ900 ሜትር የተጻፈ የቀጭ ቁጥር ኮናት ላይ ሲሞከር እርሳሷ ከግማሽ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ባለቤቷም የአየር ማረፊያ ሠራተኞች ሳጥኑን ወርውረውት ነው ይላል። እዚህ መነጽሩ ጥፋት የለበትም፤ ቁጥሩን እንደ አዲስ መጻፍ ብቻ ነው።

የዋጋው ነገር አጭር ነው። በ1000 ዶላር አካባቢ ቃሉን የሚጠብቅ ቁልፍና ጥርት ያለ መስታወት ያለው መነጽር ማግኘት ይቻላል፤ ከዚያ በታች ከሁለቱ አንዱ ይጎድላል፤ መጉደል ካለበትም አጉሊው ቢጎድል ይሻላል። ከ3000 በላይ የሚከፈለው ገንዘብ የሚገዛው ጥቂት ጥራትና ብዙ የአእምሮ ሰላም ነው። ያገለገለ መነጽር መግዛት ነውር የለበትም፣ ዋስትናው ወደ አዲሱ ባለቤት የሚተላለፍ እንደሆነ አስቀድሞ ከተጠየቀና ቁልፉ በሞርሳ ላይ ከተፈተነ። አንዳንድ አምራቾች፣ ቮርቴክስን ጨምሮ፣ ደረሰኝ ሳይጠይቁ ዕድሜ ልክ ይጠግናሉ፤ የጠፋ፣ የተሰረቀና ሆን ተብሎ የተሰበረ ግን አይካተትም። የመጨረሻው ሐረግ ዋጋው ዘግይቶ በሚታወቅበት ቤት በጥንቃቄ መነበብ አለበት።